ይድረስ ጡቡን ለሠራችሁት

ይድረስ ጡቡን ለሠራችሁት፣
ኮድን እንደ ቤት ግድግዳ በቀለም ለደረደራችሁት።
ሰላምታዬ ይቅደም። ዘምዘም ይመር እባላለሁ፣
ደሴ ነኝ፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ መስኮቱ ጥግ እቀመጣለሁ።
ኮምፒውተሮቻችን አሥራ አንድ ናቸው፣ የሚነሱት ሰባት፣
የኔው አንድ ቁልፍ ወልቆበታል፣ እንደ ልጅ ጥርስ ከፊት።

ጨዋታ ሠርቻለሁ።
ባጃጅ ናት፣ ሰማያዊ፣ ሐረጎን የምትወርድ፣
ጉም ሲውጣት የምትጠፋ፣ ሲተፋት የምታረግድ።
(በእውኑ ባጃጅ እዚያ አይወርድም፤ ጨዋታ ነው፣ እለፉኝ።)
በግራ ገደል፣ በቀኝ ዐለት፣ ከፊት የጭነት መኪና፣
አንዳንዴም በግ፣ መሐል አስፋልት የሚያመነዥክ በጤና።

አንድ ጡብ አላችሁ፣ «ነካ ወይ?» የሚል፣
«እውነት» ወይ «ሐሰት» ብቻ፣ ዓለምን ለሁለት የሚከፍል።
ከፊት ብትነካ «እውነት»፣ ከጎን ብትነካ «እውነት»፣
በጉን በመስታወቷ ጫፍ ብትዳስሰው፣
ከዐለቱ ብትላተም በሙሉ ጉልበት፣
ያው «እውነት»።
ከዚያ «ጨዋታው አበቃ»፣ በቀይ ጽሑፍ።
በጉ እኮ ምንም አልሆነም፤ ያመነዥካል በሰፊው አፍ።

እስቲ ሰኞ ገበያ ኑ። የበርበሬ ጆንያ የተሸከመ
ትከሻዬን ገፍቶኝ ሲያልፍ፣ «እኔን!» ብሎ ዞሮ ቆመ።
እትዬ ትበልጭና አክስቴ ሙህባ ትከሻ ለትከሻ
ሲሳለሙ ቁጠሩ፤ አንዷ በነጠላ፣ አንዷ በሻሽ፣
የለውም መጨረሻ።
በእናንተ ጡብ ብንሄድ
ሁለቱም ገና በመጀመሪያው ሰላምታ ሞተዋል።

ስለዚህ አዲስ ጡብ ስጡን፣ ወይም የድሮውን አፍ አስከፍቱት፣
«ከየት በኩል?» ስንለው ይመልስ፤ ከላይ ነው? ከግራ?
ወይስ ከኋላው ነው የመጡበት?
ምን ያህል በኃይል? ቁጥር ይስጠን፣ ከዜሮ እስከ መቶ፣
ማንን? ስሙን ይንገረን፣ በግን ከመኪና ለይቶ።
ደግሞ ካልከበዳችሁ፣ ከመንካት በፊት ያለችውን፣
ያቺን የአንድ እስትንፋስ ርቀት፣ «ሊነካ ነው» የምትለውን።
ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ሾፌር ሁሉ የሚኖርባት
እሷ ናት፤ መስመር አይታይም፣ ጆሮ ብቻ ነው ያለባት።

የአባቴን ልንገራችሁ፣ አጭር ነው።
የጭነት መኪና ረዳት ነበር፣ ጎማ ሥር ታኮ የሚያስገባ።
ባለፈው ክረምት፣ እዚያው ኩርባ፣ ሌሊት፣
ከአውቶቡስ ተነካኩ።
ትራፊኩ ወረቀት አወጣ፣ ባለ ሣጥን ወረቀት፣
«ግጭት፦ አዎ» ከሚለው ላይ ምልክት አደረገበት።
በየት በኩል እንደሆነ፣ ማን ወደ ማን እንደመጣ
አባቴ ዛሬም ያወራል፣ ከራት በኋላ፣
አንድ እጁን መኪና፣ የሻይ ብርጭቆውን አውቶቡስ አድርጎ፤
ሌላው እጁ ከክርኑ አይታጠፍም።
የወረቀቱ መልስ ግን ያው ነው።
እውነት። ልክ ነው።
ከዚያች እውነት ሥር ግን ስንት ነገር አለ ያልተጻፈው።

መምህር እንድሪስ አዩትና «ደብዳቤ ጀምረሽ ግጥም አደረግሽው» አሉ።
ልክ ናቸው። ግን ግጥምስ ቤት የሚመታው፣
መስመር ከመስመር የሚገጥመው፣
የት ጋ እንደሚነካ ስለሚያውቅ አይደል?
በጫፍ፣ በመጨረሻዋ ፊደል፣ በቀስታ።
ማንም አይሞትም።
መግጠምና መጋጨት በምን ዕዳቸው
አንድ ጡብ ሥር አደሩ?

ጡቡን ከሠራችሁት ቀለሙን ልምረጥ?
ግራጫ ይሁን፣ የጦሳን ጠዋት የመሰለ።
ኃይሉ ከሠላሳ ካነሰ ጨዋታው አያብቃ፤
ባጃጇ «እኔን!» ብላ፣ ዞር ብላ አይታ፣
ትለፍ።

መብራቱ ደብዘዝ አለ። ሊሄድ ነው።
ይህቺን «ሊሄድ ነው» ደሴ ውስጥ ሕፃን ያውቃታል፣
እናንተ ጋ ብቻ ነው ጡብ ያልተሠራላት።
ልላከው፣ ሳይ