የዓሣው ማቀዝቀዣ

እኔ የማውቀው ዓሣ ነው፤
መቼ እንደሚበላሽ፣ ስንት ሌሊት ብርድ እንደሚበቃው።
የወረቀት ነገር አይገባኝም ነበር፣
ድዚንትራ ከቤተ መጻሕፍቱ ሮጣ መጥታ
እንደ ራሰች እስክትቆም ከኩሽናዬ በር።

«ሞድሪስ፣ ማቀዝቀዣህ ስንት ኪሎ ይይዛል?»
በእጇ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ በሳፋው ውስጥ የሰው ቃል፤
ውሃ ጠጥቶ ያበጠ፣
ቀለሙ ወደ ጎን የሮጠ።

ሦስተኛው ማደሪያ ከነደደ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል።
ሰባት ልጆች ሞተውበታል።
ከተማው፣ ከወደቡ እስከ ባቡር ጣቢያው፣ ሥራ ፈቶ
ወረቀት ሲያስር ሰነበተ በብረት አጥሩ፤
በዘጠነኛው ማታ ግን ነፋስ ከባልቲክ መጥቶ
ዝናቡን በጎን ነዳው፤ ተፈታ ክሩ።

«እርጥብ ወረቀት በሁለት ቀን ይሻግታል፤
ከበረደ ግን ይጠብቀናል» አለች።
ይሄንንማ ዓሣም ያውቀዋል።
አርባ ኪሎ ሄሪንግ አወጣሁ፤
ለጎረቤት፣ ለድመት፣ ላገኘሁት ሰጠሁ፤
በምትኩ ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልዬ፣
ቀን ጽፌበት፣ ደርድሬ ዘጋሁ።

ልጆቹን በስም አላውቃቸውም። በሳህን ነው።
ድንች አስጨምሮ አስጨምሮ የማይጠግበው፣
ቀይ ሥሯን ወደ ጠርዝ የምትገፋዋ፣
ጸጉሯን ባጭሩ የተቆረጠችዋ፣
«ዛሬም ዓሣ?» ብላ አፍንጫዋን የምትይዘዋ።
ስማቸውን የነገረኝ አጥሩ ነው፤ ዘግይቶ።

በጥር አንድ ባንድ አውጥተን
በመምጠጫ ወረቀት መሀል አስተኛናቸው።
«ራይቪስ፣ አራት ዩሮ አለብኝ፤ ለማን ልክፈል?» ይላል አንዱ።
አንዱ የሕፃን እጅ ነው፦ መስኮት፣ በመስኮቱ ድመት።
አንዱ የሒሳብ መምህር፦
«ሳኒታ፣ ፈተናሽን አርሜዋለሁ። አልፈሻል።»

አንዱ ባዶ ነው። ዝናቡ ቀድሞን አንብቦ ጨርሶታል።
ድዚንትራ በመዝገቧ «የማይነበብ» ብላ ጻፈች፤
ቆየችና ሰረዘች።
«ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት፤ አንድ ገጽ፤ ለሁለት የታጠፈ።»

ቀጥሎ፣ በወፍራም ቀይ እስክሪብቶ፦
«የኋላው በር ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ማን ጋ ነው?»
ዲኑ መጣ፤ ካፖርቱን ሳያወልቅ
«ይሄ ሐዘን አይደለም፣ ክስ ነው፤ ይውጣ» አለ።
እሷ መነጽሯን ጠርጋ ቁጥር ሰጠችው፤
ከድመቱ ቀጥሎ፣ ከመምህሩ በፊት፣
አጥሩ ላይ እንደ ነበረ።
ዲኑ ወጣ። እኔም ወጣሁ።
የኩሽናዬ ቁልፍ፣ ያለ ጥፋቱ፣ ኪሴ ውስጥ ከበደኝ፤
ሽንኩርት ነው እንዳልል
ሽንኩርት አልነበረም በእጄ።

በግንቦት የአግኔሴ እናት መጣች፤ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ።
ሣጥኑን ከፈትንላት።
የልጇን ስም በማታውቀው ሰው ጽሕፈት አገኘችው፤
በጣቷ ፊደል በፊደል ተከተለችው፤
ከዚያ ወረቀቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ
ዝም።
መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ አልኩ።
ያ ሁሉ ላስቲክ፣ ያ ሁሉ ጥንቃቄ!
«ዓሣ ዓሣ ይላል» አለች።

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት
ሳቋ ቀደመኝ፤ እሷንም ሳያስደነግጣት አልቀረም፦
«አግኔሴ እኮ ዓሣ አትወድም!»

«አውቃለሁ» አልኳት፤
«ሐሙስ ሐሙስ ትነግረኝ ነበር።»