ኮከብ የሚያሳልፍ ጣራ

«ሠርግ ነው?» አለችን ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት የሌላት ሴት፣
«ወይስ ሰው ሞተባችሁ? ምንድን ነው ይህ ቤት?»
አባቴ ዚኖቪ ምስማር እንደ ነከሰ
ወደ ሰማይ ጠቁሞ በጣቱ መለሰ፤
ደግሞ መታ፣ ደግሞ መታ፣ ክንዱ እስኪደክም ድረስ።

ሚኮላይቭ ነው አገሩ፣ ቡግ ወንዝ የሚሰፋበት፣
ከቧንቧ ጨው የሚወርድበት፣ ሻይ የማይጠጣበት።
ውኃ በወረፋ ነው፤ መብራት እንግዳ ነው፣
መጣ ስንል ይሄዳል፣ ቀጠሮም የለው።
አርባ ዓመት በመርከብ ግንባታው
ክሬን ላይ ተቀምጦ ብረት ያነሣ ሰው
ዛሬ በሰባ ስምንቱ ሸምበቆ ይለካል፣
«ይህ ሳሳ፣ ያኛው በዛ» ይላል።

ግድግዳው ሦስት ነው። አንዱ የገዛ በራችን፣ ፍንዳታ የነቀለው፤
አንዱ የቼዝ ክበቡ ታፔላ፣ ፊደሉ የጎደለው፤
ሦስተኛው ላስቲክ፣ ለመስኮት የታደለን።
ሸምበቆውን ያመጣው ታራስ ነው፣ ዓሣ አጥማጁ፤
ፈንጂ የሌለበትን ዳር ያውቃል እግሩ፣ ያውቃል እጁ።
«ምኑም አልገባኝ» አለ፣ «ግን ይኸው፣ ጣሉበት።»

እኔ ኢንና፣ ልጁ፣ ጂኦሜትሪ አስተምራለሁ፤
ከማይቆም ማዕዘን ጋር መከራከር እወዳለሁ።
«አባ፣ የቤታችን ጣራ መሰንጠቁ ሳያንስህ
ከዚያ የባሰ ልፍስፍስ ለምን ትሠራለህ?»
«ሕጉ ነው፤ ጥላው ከፀሐዩ ይብዛ፣
ኮከብ ግን ያሳይ፣ እንዳይበዛ።
አባቶች በምድረ በዳ አርባ ዓመት ሲዞሩ
የድንጋይ ቤት ማን ነበረው? ቅጠል ስር ነው ያደሩ።
እንዲያም ሆነው ደረሱ።»
«ሁሉም አልደረሱም» አልኩት።
ዝም አለ። ምስማር ወደቀበት።
አብረን ፈለግን፣ አጣነው።

ማታ ሻማ በራ፣ ባዶ ወንበር ተሳበ፤
አብርሃም አባታችን በስሙ ተጠርቶ ወደ ማዕድ ቀረበ።
እኔ በሆዴ፦ «እሱም ወረፋ ላይ ነው፣
ጄሪካኑን ይዞ፤ ተራው ገና ነው።»

ሾርባው ሲቀርብ ሳይረኑ ጮኸ።
«ነፍስ ማዳን ይቀድማል» ብሎ ቀድሞኝ ተነሣ፤
ድስቱን ተሸክሞ ወረደ፣ ማንኪያውን ግን ረሳ።
ምድር ቤት። የድንች ሽታ። የታራስ ድመት። የምታስል ሕፃን።
አባቴ ዳዊት ይደግማል በዕብራይስጥ፣
የረሳውን በራሽያኛ እየሞላ፣
በዚያ በድሮው ዘመን በሹክሹክታ እንደ ተማረው።

ስንመለስ ዳሱ ቆሟል።
ሾርባው ቀዝቅዟል፣ ዳቦው ላይ አቧራ፤
ከወደቡ እስከ ድልድዩ አንድም መብራት አልበራ።
አባቴ ቀና አለ።
ስንት ዓመት ያነበበው ሕግ ነው፣ ግን አይቶት አያውቅም፤
የመርከብ ግንባታው መብራት ኮከብ አያስቆጥርም።
«አንድ… ሁለት… ኢንና፣ ሰባት! በዚህች ቀዳዳ ብቻ!»

ጨለማውን አላመሰግንም።
ጨለማውን የላከብንንም አላመሰግንም።
ሰባቱን ግን እኔም ቆጠርኩ።

ትርንጎው ለከተማው ሙሉ አንድ ነበር የታዘዘ፣
በኪሺናው በኩል መጥቶ ድንበር ላይ የተያዘ፤
ከኢንሱሊን ጋር በካርቶን፣ በተልባ ገለባ ታቅፎ
በዋዜማው ደረሰ ስንቱን ኬላ አልፎ።
ጠዋት አሥራ አንድ ቤተሰብ ተሰለፍን በተራ፤
ዘንባባው ከአደስ ከአኻያ ታስሮ በቀኝ፣ ትርንጎው በግራ።
አባቴ ወደ ምሥራቅ ነቀነቀ።
ወደ ደቡብ ሲዞር እጁ ቆመ፤
ሚሳይሉ የሚመጣው ከዚያ ነው።
ሰው ሁሉ እጁን ያያል።
ከዚያ ነቀነቀ፣ ለደቡብም፣
ከሌላው ጎን ሳያሳንስ፣ ሳያበልጥም።
ተራዬን ስጨርስ መዳፌን አሸተትኩ፤
ቀኑን ሙሉ አልታጠብኩትም።
(ውኃ ስለሌለ ነው አልኩ፣ ለጠየቀኝ።)

በሦስተኛው ቀን ነፋስ ከወንዙ ተነሥቶ ግማሹን ጣራ ገለበጠ።
አባቴ እንቅልፍ ወስዶታል፣ ባርኔጣው ፊቱ ላይ።
መሰላል ይዤ ወጣሁ፤
ማዕዘኑን ለካሁ እንደ ልማዴ፣ ሸምበቆውን አጠጋጋሁ፣
ቀዳዳም አላስቀረሁ።
ከዚያ፣ ማን እንደ ነገረኝ እንጃ፣
አንዱን መልሼ አራራቅሁ።