አንድ ክንድ ጣውላ

ኬል ላይ፣ ከራይን ዳር፣ ከድልድዩ አፋፍ፣
አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት የሰም ጧፍ፣
አንድ የጥድ ጠረጴዛ።
ከባደን የመጣው ሽቦ እዚህ ጫፍ ላይ ይሞታል፣
ወደ ፓሪስ የሚሄደው እዚያ ጫፍ ላይ ይወለዳል፤
መሃሉ አንድ ክንድ ጣውላ ነው፣
መብረቅ የማይሻገረው።

ወዲህ ላንዶሊን ተቀምጧል፣ የባደን መስፍን ሎሌ፣
ወዲያ ሞራን፣ የንጉሠ ነገሥቱ፣ አፍንጫው የሚፈስ ሁሌ።
አንዱ መርፌዋን እያየ ፊደል በፊደል ይለቅማል፣
በጀርመን ቃል ይጽፍና ወረቀቱን ይገፋዋል፤
ሌላው አንብቦ፣ ተርጉሞ፣
ባገሩ ምት ያንኳኳዋል እንደ አዲስ ነገር ደግሞ።
ሽምጥ ሲጋልብ የመጣ ቃል
እዚህ ሲደርስ ከፈረስ ወርዶ በእግሩ ድንበር ያቋርጣል፤
የዚያ አገር ነጥብና ሰረዝ ከዚህ አይገጥምምና፣
ዋጋውም፣ ሚዛኑም፣ ሰዓቱም ለየቅል ነበርና።

በየካቲት፣ አንድ ሌሊት፣ መልእክት መጣ ከራሽታት፣
ከበርሜል ሠሪ ሚስት፣ ሊዮን ለሥራ ለሄደባት፤
«ወንዙ ሞልቷል። ልጁ ድኗል። አትምጣ።»
ድምቡሎዋ ተቆጥሮ ከዚያ በላይ አላመጣ።
ላንዶሊን ጻፈ። ገፋ።
ከጧፉ አንድ ጠብታ ሰም ካሉታዋ ላይ ተደፋ።
ሰሙ ወርቁን ሸፈነው።
ሞራን ዓይኑን አጠበበ፤ ያየውን ብቻ ላከው፤
«ወንዙ ሞልቷል። ልጁ ድኗል። ና።»

ጠዋት ስህተቱ ሲገለጥ ላንዶሊንን ላብ አጠመቀው፤
እርማት ጻፈ፣ ገፋ፤ ሞራን አነበበ፣ አንኳኳው፤
ሊዮን ግን «ሰውዬው ወጥቷል» አለች።
ከዚያ ወዲህ ዝም አለች።
ደረሰ፣ አልደረሰ፣
ወንዝ በላው፣ ተመለሰ፣
እንጃ።
የቴሌግራፍ ጸሐፊ የሰው ነገር መሃሉን ነው የሚያየው፤
መነሻውም መድረሻውም የባለቤቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ላንዶሊን ደብዳቤ ይጽፍ ጀመር፣
ለካርልስሩህ ሹማምንት፣ በየወሩ፣ ያንኑ ነገር፤
«ሽቦው ይጋጠም። ምቱ አንድ ይሁን።
ቃል በጧፍና በሰው እጅ መሃል አይለፍ።»
ሳቁበት። እሱ ግን አልደከመውም መጻፍ።

ኋላም ባለ ላባ ባርኔጣዎች ተሰበሰቡ፣ ፈረሙ፤
ነጥቡን ነጥብ፣ ሰረዙን ሰረዝ ሊሉት ተስማሙ።
አንድ ሠራተኛ ጉጠት ይዞ መጣ፣ ሁለቱን ጫፍ አጋጠመ፤
መልእክቱ በጣውላው ላይ ሄደ፣ ለማንም ሳይቆም ተመመ።
ላንዶሊን ደስ አለው።
ሞራንም ደስ አለው።
ከዚያ ቆመው ተያዩ፣
ባዶ እጃቸውን እያዩ።
አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ክንድ ተራርቀው ኖረው፣
ባንድ መሃረብ ተናፍጠው፣ ባንድ ብርጭቆ ጠጥተው፣
ይኸው ሞራን ድልድዩን ተሻገረ ኮቱን ደርቦ።
ሽቦ ሲገናኝ ሰው ይለያያል ብሎ ማን አስቦ?

ይህንን የማወጋው ዤኔቭ ቁጭ ብዬ ነው፣
ቃለ ጉባኤ ስይዝ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሁሉም እንቅልፍ ሲጥለው።
አንቀጽ ዐሥራ አራት፦ የባሕር ገመድ ሲበጠስ፣ ጎረቤት ፈጥኖ
መንገዱን ሊያካፍል «ይገባል»? ወይስ «ይመረጣል»?
ሦስት ሌሊት ሆነን፣ ግሡ ቅንፍ ውስጥ ታስሯል።
ሃልቫርድ፣ የኖርዌዩ፣ ጫማውን አውልቋል።
አስተርጓሚዋ ድምፅዋ ሻክሯል።
ሎሳና፣ የቶንጋዋ፣ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም፤
«ገመዳችን አንድ ነው» አለች፣ «'ይመረጣል' አይቀጥለውም።»
ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ለአንድ ግሥ ይሄ ሁሉ ጣጣ!
እኔ ያቺ የሰም ጠብታ በሐሳቤ መጣች፣ በማላውቃት ሴት ዕጣ።

ሊነጋጋ ሲል ቅንፉ ተነሣ።
ማንም አላጨበጨበ። ሃልቫርድ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያዳብሳል።
ሎሳና ስልኳን አወጣች፤ እዚያ ቀኑ ሊመሽ ደርሷል።
«አትጠብቁኝ፣ ብሉ» አለች። ሌላው ወሬ አልተሰማኝም፤
ግን ያቺ «አት» ባሕሩን ሁሉ ስትሻገር
ከላይዋ አንዲት ጭረት እንኳ አልጎደለችም።