አምስተኛው ማሻሻያ፣ በሱ ፎልስ

ጥር ወር ነው፣ ሱ ፎልስ፤ የፍርድ ቤቱ ደረጃ
ጨው ተነስንሶበታል፣ በረዶ ማስወገጃ።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ቀኝ እጄን አንስቼ፣
«አልጨምር፣ አልቀንስ» ብዬ ቃል ገብቼ፣
ከጥሩሰው ጎን ተቀመጥኩ፣ ወደ ጆሮው ተጠግቼ።

ጥሩሰው ከብት ይበልታል በከተማው ቄራ፤
አሥራ አራት ዓመት ሆነው ቢላ ይዞ ሲሠራ።
«የፈረቃ አለቃውን በቡጢ መታ» ተብሏል፤
በሌሊት፣ መኪና ማቆሚያው፤ ማን አይቷል? ማን ሰምቷል?

ክሱ ሲነበብ፦ «የሳውዝ ዳኮታ ግዛት ከሳሽ፣
ጥሩሰው መንበሩ ተከሳሽ»፣
በክርኑ ጎሰመኝ። «ግዛቱ በሙሉ?
ከነበቆሎው? ከነወንዙ? እኔን አንድ ሰው ነው የሚሉ?
ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ሰምቻለሁ፤
ንጉሥ ሲከስስ ግን ምን እመልሳለሁ?»

ጠበቃው ሃልቨርሰን ገና ልጅ እግር ናት፤
አንድ ሳንቲም አልሰጣትም፣ መንግሥት ነው የቀጠራት።
የሚከሰውም መንግሥት ነው። ይህ ነው የገረመው፦
በቀኝ እጁ የከሰሰ፣ በግራው የሚከላከልለው።

«ካልፈለግህ አትመስክር» አለችው፣ «ማንም አያስገድድህም፤
አምስተኛው ማሻሻያ አለ።» ተረጎምኩ፣ አልጨመርኩም።
«ምንድን ነው የተሻሻለው?» አለኝ።
እሱንም ተረጎምኩ።

«አባቴ» አለ ጥሩሰው፣ «አገር ያወቀው ተሟጋች፣
በላ ልበልሃ ብሎ ሲነሣ ገበያ ትቆማለች፤
ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ሰብቆ በመዳፉ፣
የተነጠቀ መሬት አስመልሷል በአፉ።
እኔ ልጁ ግን፣ አፌን ዘግቼ...» ቃሉ ተቋረጠ ለአፍታ፤
«...እረታለሁ» አለ፣ ድምፁ ወርዶ በዝግታ።

ሲላላ ማሸነፍ ነው፣ ሲጠብቅ መሸነፍ፤
የቱን እንዳለ አልለየሁም፣ ጠፋኝ ከከንፈሩ ጫፍ።
«ምን አለ?» አለች ሃልቨርሰን።
«ሁለት ነገር» አልኳት።

ልነግረው ፈለግሁ፦ ያን ሕግ የጻፉት
ምላስ በጉጠት ሲጎተት የሰሙ ናቸው፤
እውነትም ብትሆን፣ በግድ የወጣች ቃል
ደም ደም የሸተተቻቸው።
ግን ምያለሁ። መሐላ ልጓም ነው።
እኔም በበኩሌ ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ አሥራ ሁለቱ የሕዝብ ዳኞች ወጥተው፣
ማሞቂያው ቋ ቋ እያለ፣ ዳኛዋ ጠየቀችው፦
«ትመሰክራለህ?»
ተነሣ። ደረቱን ነፋ።
ቀኝ እጁ በሌለ ዘንግ ላይ ተጨበጠ፤
አባቱን ሊሆን ምንም አልቀረው።
«ዝም አይነቅዝም» አለና ተቀመጠ።

ሁለት ቃል። ነቀዝን በእንግሊዝኛ ስፈልግ ላብ አጠመቀኝ፤
የጸሐፊዋ ጣት ከመተየቢያው በላይ ቆሞ ጠበቀኝ።
«ዝምታን ነቀዝ አይበላውም» አልኩ፣ እንደ ምንም።
ዳኛዋ የእህል ጎተራ ልጅ ናት፤ አልሳቀችም።
መነጽሯን አወለቀች። «ነቀዝ አውቃለሁ» አለች፤
«መዝገብ ላይ ይግባ» ብላ፣ አሥራ ሁለቱን አስጠራች።

ነገረቻቸውም፦ «ዝምታውን አትመዝኑት፤
ጥፋቱን አመነ ብላችሁ አትውሰዱት።»
ዐቃቤ ሕጉ እንኳ፣ ያ ጣተ ረጅም ሰው፣
ወደዚያ ዝምታ አልጠቆመም፤ ሕጉ ጣቱን ያዘው።

ማታ ከደረጃው ላይ፣ ፍርዱ ገና ሳይመጣ፣
«አባቴ ቢያየኝ ምን ይል ነበር?» አለኝ።
መሐላዬ ከበሩ ወዲያ ቀርቷል፤ መናገር እችል ነበር።
ጨው ብቻ ከጫማችን ሥር ኮሽ ኮሽ ይል ነበር።