ዱላና መቅዘፊያ

ከሩማኒያ ያመጣሽ የጭነት መኪና
ላፔንራንታ ሲደርስ ሌሊት ነበርና
መልክሽን አላየሁ፤ ያየሁት ወረቀት፣
በሹፌሩ ባትሪ ጮራ ያነበብኩት፦
«ሴት ናት። አራት ዓመት፣ ምናልባትም አምስት።
ቁጥር፣ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት።
ሰው አትነክስም።
ዱላ ትፈራለች።»

እንደ ጥቅል ዕቃ ፈርሜ ወሰድኩሽ፤
የሳጥንሽን በር ገና ስከፍትልሽ
ከሶፋው ሥር ገባሽ፣ ጅራትሽን ውጠሽ።
ኑፑ ብዬ ሰየምኩሽ፣ በቋንቋዬ «እምቡጥ»፤
ሦስት ቀን ወለል ላይ ተኝቼ ስጠራሽ
ዓይንሽ ብቻ ከጨለማው ፍጥጥ።

እኔ የውኃ ሰው ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት
በፖስታ ጀልባ ነው፣ ከደሴት ወደ ደሴት፣
የሰው ደብዳቤ ሳደርስ የኖርኩት።
ጡረታ ስወጣ ካያክ ገዛሁ፣ ባለ ሁለት መቀመጫ፤
«የፊተኛው ለማን ነው፣ ኢርሜሊ?» አለኝ
ጎረቤቴ ቴርሆ፣ ለማላገጫ።
«ለዕቃ» አልኩት።
እሱም አላመነኝ፤ እኔም ራሴን አላመንኩት።

ኅዳር ላይ ሐይቁ በረዶ ለብሶ ደነዘዘ፤
ቴርሆ ካያኩን በመስኮት አስገባልኝ፣
ሳቁን በጥርሱ እንደያዘ።
ሳሎኑን ሞላው፤ ቴሌቪዥኑን ጋረደ፤
እራትሽን ሆዱ ውስጥ አኖርኩ። አንገትሽ ቀደመ፣
በሳምንቱ አንድ እግርሽ ወረደ፤
ከዚያ ሌላው።
ፕላስቲኩ እንዳያንሸራትትሽ
አሮጌ የዮጋ ምንጣፌን ቆርጬ አነጠፍኩልሽ፤
ዜና ስሰማ በእግሬ ቀስ አርጌ
እንደ ሕፃን አልጋ አወዛወዝኩሽ።
የገና ዋዜማ አራቱም እግሮችሽ ገብተው
አንኮራፋሽ፣ ሆድሽን ለጣሪያው ሰጥተሽው።

መቅዘፊያውን ግን ከግድግዳው ሳነሣ
ሽንትሽ አመለጠሽ። ሆድሽ ከምንጣፉ አልነሣ
አለ።
ጨርቅ አመጣሁ። ጠረግሁ። አጠገብሽ ተቀመጥሁ።
እንጨቱን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ፣
ስንት ዘመን ይዤው ዞሬ፣ ያኔ ገና አየሁት፦
ረጅም ነው። ሰው ይይዘዋል። ከላይ ይወርዳል።
ከዱላ በምን ይለያል?
ለተመታ ጀርባ ማን ያስረዳል?

ሳህን አደረግሁት።
ቋሊማ ከትፌ ሰፊው ጫፉ ላይ አቀረብኩት፤
መጀመሪያ መሬት ለመሬት፣ ከዚያ ጣት ያህል ከፍ፣
ጥር ላይ እስከ ጉልበቴ፣
እስከ ደረቴ መጋቢት እስኪያልፍ።
ዕንቁላሉ እግር ለማብቀል አልቸኮለም፤
እኔም ጡረተኛ ነኝ፣ የሚጠብቀኝ ፖስታ የለም።

ግንቦት ላይ በረዶው እንደ ጥይት እየጮኸ ተሰነጠቀ።
ቀይ ጃኬት አጠለቅሁልሽ፣
ከጀርባው እንደ ሻንጣ እጀታ ያለው፤
ገባሽ፤ ተቀመጥሽ፤ ቀዘፍኩ፤ ሁሉም ያማረ ነው —
ዳክዬ።
ይኸው ነው ታሪኩ።
ውኃው አጥንት ይሰብራል። ብቅ ስል፣
አንቺ ዳር ወጥተሽ እያራገፍሽ
«ምን ሆነሽ ገባሽ?» በሚል ዓይን ታይኛለሽ።
ቴርሆ ከማዶ አጨበጨበ።
«ድመት ይሻልሽ ነበር!» ብሎም ጮኸ።

ሰባት ጊዜ ገለበጥሽኝ።
ቋሊማው፣ ተርሞሴ፣ የግራ ጫማዬ ሳይማ ሐይቅ ቀረ።
አንድ ነገር ግን ተማርኩ፦
ከመዝለልሽ በፊት ቀኝ ጆሮሽ ይዞራል፤
ጆሮሽ ሲዞር ወገቤ አብሮ ዞረ።
በስምንተኛው፣ ዳክዬዋ በአፍንጫሽ ሥር ስታልፍ
ፊትሽን አዞርሽባት፣ እንዳኮረፈ ሰው።

ሰኔ፣ ሌሊቱ የማይጨልምበት ሰሞን፣
ግንድ የሚጎትት መርከብ አለፈ፤
ማዕበሉ ከጎን መጣብን።
ሳላስብ መቅዘፊያውን አነሣሁ፣ ከራሴ በላይ —
ጥላው አረፈ ጀርባሽ ላይ።
ትንፋሼን ዋጥኩ።

ቀና አልሽ። አየሽው፣ ረጅሙን፣ የሚንጠባጠበውን።
ከዚያ አንገትሽን አስግገሽ
ላስሽው ጫፉን።

ቋሊማ አልነበረበትም፤
የሐይቅ ውኃ ብቻ።
እሱንም ጠጣሽው።