የታጠፈች ቅጠል

ሐዋሳ፣ ከመነኻሪያው ጀርባ፣ ማኅተም ቀራጩ ሌዳሞ
መጽሐፉን ወደ ብርሃን አዞረ፣ ከበሩ ላይ ቆሞ።
ፎቶ ኮፒ ነው፤ የጥንት እንግሊዞች የዕፅ መድኃኒት፣
ፊደሉ የዝንብ እግር፣ ሥዕሉ የእንጨት ኅትመት።

ተማሪዋ ልታስረዳው፦ «ይሄ ለሆድ ነው፣ ይሄ ለሳል…»
እሱ ግን ሌላ ያነባል።

«ይቺን ቅጠል አየሻት? ጫፏ ወደ ውስጥ የታጠፈች?
ነፋስ አይደለም፤ ጠውልጋም አይደለች።
እንጨቱ አልቆበት ነው ሰውዬው፤ ቦታ ሲያጣ አጎነበሳት።
ግንዷ ላይ ያለው ነጭ ነጥብ ዘር እንዳይመስልሽ፤ ነቀዝ ነው የበሳት።»

ገጽ ገለጠ። ሳቀ። «አንድ ማኅተም፣ ለሁለት ስም!
እኛ ብናደርገው እዚህ፣ ከፖሊስ ጣቢያ አንመለስም።»

ለመመረቂያ ጽሑፏ ሽፋን ግራዋ እንዲቀርጽላት ነው የመጣችው፤
ይኸው ቅርንጫፉ፣ ከታቦር ሥር በማለዳ የቆረጠችው።
ጎማ ሞልቶታል፤ ጎረቤቱ ሌዘር አለው፤ እሱ የዋንዛ ቁራጭ መረጠ፤
ቅጠሉን ሳይነካ፣
ቅጠል ያልሆነውን ሁሉ ቆረጠ።

ሲመሽ ቀለም ቀብቶ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ አተመ።
ረጅሙ ቅጠል፣ ጫፉ ላይ፣ ጎንበስ ብሎ ቆመ።

«ግራዋ እንዲህ አይታጠፍም» አለች ተማሪዋ።
ጠርዙን በአውራ ጣቱ ነካ።
«እስከዚህ ናት ዋንዛዋ።»