ወራጅ አለ

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ሠራተኛ ሰፈር፤
የግቢው ቧንቧ ሲንጠባጠብ፣ ድመት በቆርቆሮ ሲሻገር፣
ይርዳው ብድግ ይላል ካልጋው፣
ዐይኑ ተበልጥጦ፣ ላብ አጥምቆት ገላው።
ያያል፤ እኔን ግን አያይም።
ስሙን ብጠራው አይሰማም።
እጁ የሌለ መሪ ያዞራል፣
እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል፣
ይረግጣል፣ ይረግጣል፤ የአልጋው ሽቦ ይንጫጫል፤
ከዚያ ያ ጩኸት ይመጣል።

ጩኸቱን እንዴት ልንገራችሁ?
ሰው ሲሞትም እንዲያ አይጮኽም።
ከግድግዳው ማዶ እትዬ ብርነሽ «በስመ አብ» ብለው ያማትባሉ፣
የልጃቸው ልጅ ያለቅሳል፣ የወፍጮ ቤቱ ውሾች ይቀበላሉ።

መጀመሪያ ሰሞን ያዝኩት። እኅት አይደለሁ? አቀፍኩት።
በክርኑ ከንፈሬን ሰነጠቀው።
በማግስቱ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ደንበኛው ሁሉ አፌን እያየ
«ማን መታሽ?» አለኝ በዐይኑ።
«በር ነው» አልኩ። ከዱካክ ይልቅ በር ይታመናል።

ሰፈር መቼም መድኃኒት አያጣም፤
አጎታችን፦ «ሚስት አግቡለት፣ ብቻውን የተኛ ይቃዣል»፤
እትዬ ብርነሽ፦ «ሽንቁሩ ሚካኤል ውሰዱት፣ ሰባት ቀን ይጠመቃል»፤
እማዬ ምንም አትልም። የሽንኩርት ቢላዋዋን አብሳ
ከትራሱ ሥር ትሸጉጣለች፤ ዱካክ ብረት ይፈራላ።

ሐኪሟ ግን (አማኑኤል፣ ረፋድ ላይ፣ ወረፋው በር ድረስ)
«አትያዢው፣ አትነቅንቂው፣ አታባንኚው» አለችኝ፤
«ስለት አርቂ፤ በሩን ቆልፊና ቁልፉን ደብቂ፤
ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ጠብቂ።
እሱ ጠዋት አያስታውሰውም፤ ፍርሃቱ ለእናንተ ነው የሚተርፈው።»
ከወረቀቷ ቀና ብላ ደግሞ፦ «አንቺስ ትተኛለሽ?» ስትለኝ
መልስ ጠፋኝ። ቀጣዩ ተጠራ።

እንግዲህ ማታ ማታ፣ እማዬን እንቅልፍ ሲወስዳት
ቢላዋውን አወጣና በቦታው ማንኪያ አኖራለሁ።
ማንኪያም ብረት ነው።
ዱካክ ቢላና ማንኪያ ከለየ፣ ይለይ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሐምሌ፣ ዶፍ ዝናብ፣ የቸርችል ቁልቁለት፤
አሥራ ሁለት ሰው እንደጫነ ፍሬኑ እምቢ አለበት።
ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጋር አፋጭቶ፣ አፋጭቶ አቆመው።
ማንም አልሞተም።
የአንድ ተማሪ ምሳ ዕቃ ተጨፈለቀ፤ ያ ብቻ።
ተሳፋሪው «ተመስገን» እያለ አንድ በአንድ ወረደ፣
ግማሹም ሂሳቡን አስመልሶ ሌላ ታክሲ ይዞ ሄደ።
ሁሉም ወርዷል።
እሱ ይኸው ሁለት ክረምት፣ ያንኑ ቁልቁለት።

አንድ ሌሊት ስልችት አለኝ።
መብራት የለም፤ ሻማው አልቆ ክሩ ይንተከተካል።
አልጋው ጫፍ ተቀምጬ፣ እንደ ቀልድ፣ እንደ እንቅልፋም ተሳፋሪ፣
ዝቅ ባለ ድምፅ «ወራጅ አለ» አልኩ።

እግሩ ቀጥ አለ።
እጁ አየር ላይ ቆመ።
«እዚህ ትራፊክ አለ» ብሎ አጉረመረመ፤
«ከመታጠፊያው አልፎ ላውርድሽ?»
«እሺ፣ ከመታጠፊያው» አልኩት፤ ሳቅና እንባ ጉሮሮዬ ላይ ተጋፉ።
ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ያዘ፣ ወደ ግድግዳው፤
ማርሹን ዜሮ አደረገ፤ የእጅ ፍሬን ሳበ፤
የሳበው የቀሚሴን እጅጌ ነበር፤
ሳይለቀኝ ተኛ።

ሁልጊዜ አይሠራም። ትናንት ሦስቴ ብለምነው አላቆመም፤
እስከ ታች፣ እስከ ለገሃር፣ አብሬው ወረድኩ።

ጠዋት ዳቦውን በሻይ እየነከረ፣ ከብርጭቆው ዐይኑን ሳያነሣ፦
«ጮኽኩ እንዴ?»
«ትንሽ።»
«ከትራሴ ሥርስ ማንኪያ ምን ይሠራል?»
እማዬን ሰርቄ አየኋት።
እማዬ ወደ መስኮቱ ዞራ ስኳሯን ታማስላለች፣
ማንኪያ አጥታ፣ በቢላዋ ጫፍ።